ሬሳ የሚያደርቅና ሬሳ የሚያቃጥል ስለ ነፍስ ይስማማሉ?

ጥያቄ፦ «ከወንድሜ ጋር ሁለት ሳምንት ሙሉ ተጨቃጨቅን። የጥንት ግብፆች ‹ባ› የሚሉትና ሂንዱዎች ‹አትማን› የሚሉት አንድ ነገር ነው ይላል። ሁለቱም ሰው ሞቶ ተመልሶ ይወለዳል ብለው ያምናሉ፣ አማልክታቸው ብዙ ቢመስልም ከውስጥ አንድ ነው፣ አንዱ ከሌላው ተምሮ መሆን አለበት ባይ ነው። እኔ አልተዋጠልኝም። ግን መልስ የለኝም። እውነቱ የቱ ነው?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ያልተዋጠልሽ ያለ ምክንያት አይደለም። ወንድምሽም ግን ከመሬት ተነስቶ አላወራም። እኔ ራሴ የጥንት ሃይማኖቶችን ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን ይህንኑ ነገር ሰሌዳ ላይ ጽፌ አውቃለሁ። በግራ በኩል የግብፆቹን ካ፣ ባ፣ አክ። በቀኝ በኩል የሂንዱዎቹን ፕራና (እስትንፋስ)፣ ማናስ (አእምሮ)፣ አትማን። በቀስት አገናኘኋቸው፤ ሲያዩት ያምራል። አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና «ሬሳውንስ ምን ያደርጉታል?» አለች። እነዚህ ያደርቁታል፣ እነዚያ ያቃጥሉታል አልኳት። «ታዲያ እንዴት አንድ ሆኑ?» ዳስተሩን አንስቼ ቀስቶቹን አጠፋሁ።

ስለዚህ እኛም ከሬሳው እንጀምር።

ግብፆች አንድን ባለጸጋ ለመቃብር ለማብቃት 70 ቀን ይፈጅባቸው ነበር። አንጎሉን በአፍንጫው በኩል በመንጠቆ ጎትተው ያወጡና ይጥሉታል። ሆድ ዕቃውን አውጥተው ለብቻው ያስቀምጡታል። ገላውን ናትሮን በሚባል ጨው ያደርቁታል። ልቡን ግን እዚያው ይተዉታል። ለእነሱ የሚያስበው፣ የሚያስታውሰው፣ የሚወስነው ልብ ነው። ይሄ ለኛ ብዙም አይገርምም። «ልብ በል» ስንል አስብ ማለታችን ነው፤ «ልቡ ያውቀዋል» ስንልም ስለ ደም ሥር አናወራም።

ያ ሁሉ ድካም ለምን? ለግብፃዊ ሰው ማለት አንድ ነፍስና አንድ ሥጋ ስላልሆነ ነው። ስብስብ ነው። ገላው፣ ልቡ፣ ጥላው፣ ስሙ፣ ካውና ባው ተደምረው ሰውየው ይሆናሉ። አንዱ ከጎደለ ሰውየው ጎደለ።

ባ የሰው ራስ ባላት ወፍ ትሣላለች። ቀን ቀን ከመቃብር ወጥታ ፀሐይ ትሞቃለች፣ ውሃ ትጠጣለች። ማታ ተመልሳ ገላው ላይ ታርፋለች። ገላው ከበሰበሰ ግን ማረፊያ የላትም። «ነፍስ» ብለን ስንተረጉማት ትልቁን ነገር ጥለነዋል ማለት ነው። የኛ ነፍስ ከሥጋ ተለይታ ትሄዳለች። የእነሱ ባ ማታ ማታ ቤቷ ትገባለች።

ካ ደግሞ የሕይወት ኃይል ነው። በሥዕል ጽሑፋቸው ወደ ላይ የተዘረጉ ሁለት ክንዶች ናቸው። በንግሥት ሃትሼፕሱት ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ክኑም የተባለው አምላክ በሸክላ ሠሪ መዘውር ላይ ሁለት ትንንሽ ልጆች ሲያበጅ ይታያል። አንዷ ራሷ ነች፣ ሌላው ካዋ ነው። አብረው ይሠራሉ። ካ ደግሞ ይበላል። መቃብሩ በር ላይ «ሺህ ዳቦ፣ ሺህ ቢራ፣ በሬና ወፍ» እያለ ይጻፍለታል። ዘመድ ምግብ ማምጣት ቢያቆምስ? ለዚህም መላ አላቸው። ብዙ መቃብሮች አላፊ አግዳሚውን ይለምናሉ፦ እባክህ ይህችን ጽሑፍ ድምፅህን አውጥተህ አንብብልኝ፣ የምታወጣው የአፍህን ትንፋሽ ብቻ ነው። ለሙታን የተጻፈ እንዲህ ያለ ልመና ሳነብ ሁሌ ፈገግ እላለሁ።

ስምም እንዲሁ ነው። እኛ «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ስንል ስለ ዝና ማውራታችን ነው። ግብፃዊው ቃል በቃል ነው የሚወስደው። ስምህ ከግድግዳ ላይ በመሮ ከተፋቀ አንተም ተፍቀሃል። ጠላትን ከሞተ በኋላ ለመግደል ስሙን መፋቅ ይበቃል።

ወንድምሽ «ባ»ን ብቻ ነጥሎ ያነሳው ግን ትልቁን ዘልሎ ነው። ትልቁ አክ ነው። ፍርዱን ያለፈ፣ የተለወጠ፣ የሚያበራ ሙት አክ ይባላል። አክ መርዳትም መጉዳትም ይችላል። ስለዚህ ደብዳቤ ይጻፍለታል! ደች አገር፣ ላይደን ውስጥ የተቀመጠ አንድ ፓፒረስ፣ ከተክል የተሠራ የጥንት ወረቀት፣ አለ፤ ዕድሜው ከ3 ሺህ ዓመት በላይ ነው። አንድ ባል አንኪሪ ለምትባል ሟች ሚስቱ አክ ይጽፋል። ምን በደልኩሽ፣ ለምን እንዲህ ታደርጊኛለሽ ይላል። ተሹሜ ትልቅ ሰው ስሆን አልተውኩሽም። ስትታመሚ ሐኪም አመጣሁልሽ። ስትሞቺ ከሰፈሩ ሰው ጋር አለቀስኩ፣ መግነዝሽን ከጥሩ በፍታ አደረግሁ። ይኸው ሦስት ዓመት ሌላ ቤት ሳልገባ ብቻዬን ተቀምጫለሁ። አስቢው፤ ሚስትየዋ ከሞተች ዓመታት አልፈዋል። ግን ስሟ ያው ነው፣ ባሏ ያው ነው፣ ቂሟም ያው ነው። ወደ ሌላ ሰው አልተለወጠችም፣ ወደ ባሕርም አልቀለጠችም። አንኪሪ አንኪሪ ናት።

አሁን ወደ ፍርዱ። ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ የአኒ ፓፒረስ አለ። አኒ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1250 ገደማ የኖረ ጸሐፊ ነው። ፓፒረሱ ወደ 24 ሜትር ይረዝማል። ከሁሉ የሚታወቀው ሥዕል ሚዛኑ ነው። አኒና ሚስቱ ቱቱ ጎንበስ ብለዋል። በአንዱ ሳህን ልቡ፣ በሌላው የማዓት ላባ። ማዓት እውነትም ሥርዓትም ፍትሕም ናት፤ ላባዋ የሰጎን ነው። ባለ ቀበሮ ራሱ አኑቢስ ሚዛኑን ያስተካክላል። የጸሐፍት አምላክ ቶት ብዕሩን ይዞ ይጽፋል። ከኋላው አሚት ትጠብቃለች፦ ጭንቅላቷ አዞ፣ ደረቷ አንበሳ፣ ቂጧ ጉማሬ። ልቡ ከከበደ ትውጠዋለች።

ከዚያ በፊት ሟቹ 42 ዳኞች ፊት «አልሰረቅሁም፣ አልገደልኩም» እያለ ይክዳል። ዋናው ፍርሃቱ ግን ከዳኞቹ አይደለም። ከገዛ ልቡ ነው። ስለዚህ ደረቱ ላይ የጥንዚዛ ቅርጽ ያለው ድንጋይ ይደረግለታል፤ ድንጋዩ ላይ «ከእናቴ ያገኘሁህ ልቤ ሆይ፣ ምስክር ሆነህ አትነሳብኝ» የሚል ቃል ይጻፋል። የራስን ልብ አታጋልጠኝ ብሎ መለመን! (ሚዛኑን ስታዪ በላኤ ሰብእ ትዝ ቢልሽ አልፈርድብሽም። ግን ሚዛን ስላየን ብቻ ወረሱት አንበል። ገበያ ያለበት አገር ሁሉ ሚዛን አለ።)

ዋናው ነጥብ እዚህ ነው። ይህ ፍርድ አንዴ ነው። የወደቀ ይዋጣል፤ «ሁለተኛ ሞት» ይሉታል። ዕድል አይደገምም። ያለፈ ደግሞ ወደ ሸንበቆ መስክ ይገባል፤ ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። እዚያም ሥራ አለ እንግዲህ። እሱን እንዲሠሩለት ሻብቲ የሚባሉ ትንንሽ ምስሎች አብረውት ይቀበራሉ። ለሥራ ሲጠራ «አቤት፣ አለሁ» የሚሉት እነሱ ናቸው። ቱታንካሙን 413 ነበሩት። የግብፅ ሰው ከዘላለም የሚፈልገው ይህን ነው፦ የራሱን ስም፣ የራሱን ሚስት፣ የራሱን እርሻ፤ ድካሙን ብቻ ለሌላ።

ታዲያ «ግብፆች ዳግም መወለድን ያምናሉ» የሚለው ከየት መጣ? ከሄሮዶቱስ ነው። ይህ ግሪካዊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዘመን ስለ ግብፅ ጽፏል። ነፍስ እንስሳ ለእንስሳ እየዞረች በ3 ሺህ ዓመት ወደ ሰው ትመለሳለች የሚሉት ግብፆች ናቸው አለ። ችግሩ እንዲህ የሚል አንድም የግብፅ ጽሑፍ አለመገኘቱ ነው። ግሪኮች ራሳቸው ግን፣ በተለይ የፓይታጎረስ ተከታዮች፣ ይህን ያስተምሩ ነበር። ሄሮዶቱስ አሳቡን የቤት ልጅ ሳለ የጎረቤት አድርጎታል የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እኔም እዚያ ነኝ። ሟቹ ጭልፊት፣ እባብ፣ አዞ፣ የሎተስ አበባ እንዲሆን የሚደገሙ ቃላት እርግጥ አሉ። እነሱ ግን እንደ ልብስ ለብሶ እንደ መውጣት ናቸው። ማታ ተመልሶ ሰውየው ነው።

ልብስ ካልን አይቀር ወደ ሕንድ እንሻገር። በሂንዱዎች ቅዱስ መጽሐፍ በባጋቫድ ጊታ አምላኩ ክሪሽና ለጦረኛው ለአርጁና የሚለው ይህን ነው፦ ሰው ያረጀ ልብሱን ጥሎ አዲስ እንደሚለብስ፣ በገላ ውስጥ ያለውም ያረጀ ገላ ጥሎ ወደ አዲስ ይገባል። ያረጀ ልብስ ማን በጨው ያሽጋል? ስለዚህ ያቃጥሉታል። ቫራናሲ ውስጥ፣ ጋንጀስ ዳር፣ እሳቱ ቀንና ሌሊት አይጠፋም።

አትማንን በደንብ የሚያሳየው ግን በቻንዶግያ ኡፓኒሻድ ውስጥ ያለ የአባትና የልጅ ጨዋታ ነው፤ ኡፓኒሻዶች የሂንዱዎች ጥንታዊ የጥበብ መጻሕፍት ናቸው። ልጁ ሽቬታኬቱ 12 ዓመት ተምሮ፣ 24 ዓመት ሞልቶት፣ ደረቱን ነፍቶ ይመጣል። አባቱ ኡዳላካ ከዚያ ዛፍ ፍሬ አምጣ ይለዋል። ዛፉ ባንያን ነው፤ የኛ ዋርካ የቅርብ ዘመዱ ነው።
«ስንጠቀው።»
«ሰነጠቅሁት።»
«ምን ይታይሃል?»
«ደቃቅ ዘሮች።»
«አንዱን ስንጠቅ። አሁንስ?»
«ምንም።»
ይህ ሁሉ ግዙፍ ዛፍ የቆመው ካላየኸው ከዚያ «ምንም» ነው ይለዋል አባት። ያም አንተ ነህ፣ ሽቬታኬቱ። ከዚያ ጨው በውሃ አሟሙቶ ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታች ያስቀምሰዋል። የትም ጨው ነው፤ የትም ግን አይታይም።

አትማን ይህ ነው። ስምሽ አይደለም። ትዝታሽ አይደለም። ጠባይሽም አይደለም። ጠቢቡ ያጅናቫልክያ «ኔቲ፣ ኔቲ» ይለዋል፤ ይህም አይደለም፣ ያም አይደለም ማለት ነው። ከሞት ወደ ልደት የሚያዞርሽ የሥራሽ ውጤት፣ ካርማሽ ነው። ግቡ ከዚያ አዙሪት መውጣት ነው፤ ሞክሻ ይሉታል። ስለዚያ መውጣት ኡፓኒሻዶች ደጋግመው አንድ ምሳሌ ይሰጣሉ፦ ወንዞች ባሕር ሲገቡ ስማቸውንና መልካቸውን ጥለው ነው።

ስማቸውን ጥለው! እዚህ ላይ ቁጭ ብለሽ አስቢ። ስም መጥፋት ለግብፃዊው ሁለተኛ ሞት ነው። ለኡፓኒሻዱ ጠቢብ መዳን ነው። አንዱ እንዳይደርስበት ደረቱ ላይ ድንጋይ አስሮ የሚጸልይበትን ነገር፣ ሌላው ዕድሜውን ሙሉ ይናፍቀዋል። ሁለቱን በቀስት ማገናኘት ቤት የሚሠራንና ከቤት የሚወጣን ሰው ሁለቱም በር ነክተዋል ብሎ ወንድማማች ማድረግ ነው።

ለወንድምሽ ፍትሐዊ ልሁንና፣ «ሂንዱ እንዲህ ይላል» ማለት ራሱ ያስቸግራል። በ8ኛው መቶ ዘመን ገደማ ሻንካራ የተባለው ፈላስፋ አትማንና ብራህማን፣ ማለትም የሁሉ መሠረት የሆነው አንዱ እውነት፣ ፍጹም አንድ ናቸው አለ። ራማኑጃ ከእሱ በኋላ መጥቶ፣ አይደለም፣ ነፍስ የአምላክ አካል ብትሆንም አትጠፋም አለ። በ13ኛው መቶ ዘመን ማድቫ ጨርሶ ሁለት ናቸው አለ። ሦስቱም ያንኑ «ያ አንተ ነህ» የሚለውን ቃል ነው የሚፈቱት። ማድቫማ ፊደሉን ለየት አድርጎ ቆርጦ «ያ አንተ አይደለህም» ብሎ አነበበው፤ ሳንስክሪቱ ያስኬደዋል። ዳግም መወለድም ቢሆን ከመጀመሪያው የነበረ አይደለም። በጥንታዊው የመዝሙር መጽሐፋቸው በሪግ ቬዳ ጎልቶ አይታይም፤ ኡፓኒሻዶች ውስጥ ነው የሚወጣው። እዚያም ካርማን የሚጠይቀውን ሰው ያጅናቫልክያ እጁን ይዞ፣ ይህ በሰው ፊት የሚወራ አይደለም ብሎ ገለል አድርጎ ነው የሚነግረው።

መመሳሰል ካስፈለገ ግን የት እንደሚፈለግ ልንገርሽ። ፍልስፍናው ውስጥ አይደለም፤ ማጀት ነው። ሂንዱ ቤተሰብ ሬሳውን ካቃጠለ በኋላ ለአሥር ቀን ፒንዳ የሚባል የሩዝ ድቡልቡል ያቀርባል። በልማዱ መሠረት እያንዳንዱ ድቡልቡል ለሟቹ አዲስ ገላ ይሠራለታል፦ ራስ፣ አንገት፣ እጅ፣ እግር። ከዚያ ከአያቶቹ ጋር ይቀላቀላል። በየዓመቱም ይታወሳል፤ ቢሃር ውስጥ ያለችው ጋያ ከተማ በዚህ የታወቀች ናት። ተመልከቺ፤ መጽሐፉ ሟቹ ሌላ ቦታ ተወልዷል ይላል፣ እናት ግን ሩዝ ታድበለብላለች። የካ ዳቦና የፒንዳ ሩዝ ሳህን ለሳህን ቢቀርቡ ይተዋወቃሉ። ለሙት ማብላት ግን የሁለቱ ብቻ አይደለም። ተዝካር ለምታውቂ ለአንቺ ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም።

አሁን ስለ አማልክቱ። እዚህ ወንድምሽ ወደ እውነት ይቀርባል፤ ግን ተቻኩሏል።

በብሪሃዳራንያካ ኡፓኒሻድ አንድ ተከራካሪ ያጅናቫልክያን አማልክት ስንት ናቸው ይለዋል። 303 እና 3003 ይላል። እሺ፣ ግን ስንት ናቸው? 33። ግን ስንት? 6። ግን ስንት? 3። ግን? 2። ግን? አንድ ተኩል። ግን ስንት? አንድ። (አንድ ተኩሉ ነፋስ ነው። አትጠይቂኝ፣ እሱ አብራርቶታል።) መጨረሻ ላይ አንዱ እስትንፋስ ነው፣ «ያ» ይሉታል ይላል። ልብ በይ፤ ቁጥሩ ሲወርድ ማንም አልተሰረዘም። ሁሉም መልስ ትክክል ነው።

በግብፅም የሚቀራረብ አለ። ከራምሴስ ዳግማዊ ዘመን የቆየ፣ እሱም ላይደን ያለ መዝሙር፣ አማልክት ሁሉ ሦስት ናቸው ይላል፦ አሙን፣ ራና ፕታህ። ስሙ በአሙንነት ተሰውሯል፣ ፊቱ ራ ነው፣ ገላው ፕታህ። ሥላሴ ብለሽ እንዳትሮጪ። የግብፅ አማልክት እንደ ቀለም ይደባለቃሉ፤ አሙንና ራ ተደባልቀው አሙን-ራ ይሆናሉ፣ በማግስቱም ለየብቻቸው መሥዋዕት ይቀበላሉ። ደግሞም ያረጃሉ፣ ይሞታሉ። ኦሳይረስ ተገድሎ ነው የሙታን ንጉሥ የሆነው። የሙታን መጽሐፍ በምንለው ስብስብ በ175ኛው ክፍል ፈጣሪው አምላክ አቱም፣ ዓለምን ወደ ጥንቱ ውሃ እመልሳለሁ፣ የምንቀረው እኔና ኦሳይረስ ነን ይላል። ብራህማን እንዲህ ዓይነት ነገር አይደለም። አያረጅም፣ ወዳጅም አያስቀርም።

«አንድ ብቻ» ያለ ግብፃዊ እርግጥ ነበረ፤ አኬናተን። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው መቶ ዘመን 17 ዓመት ገደማ ነገሠ። የፀሐይዋን ክብ፣ አተንን፣ ለብቻው አነገሠ። ያጅናቫልክያ አማልክቱን በቃል ቀነሳቸው። አኬናተን በመሮ ነው የቀነሳቸው፤ የአሙንን ስም ከየግድግዳው አስፋቀ። ሲሞት ደግሞ የእሱን ስም ፋቁት። ስም ምን ማለት እንደሆነ ቅድም አውርተናል።

ለቤተ መቅደሶቻቸው ዕጣን ከፑንት ያስመጡ ነበር፤ ፑንት ወደኛ፣ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻና ወደ አፍሪካ ቀንድ ነች። ዕጣንን «ሰነቸር» ይሉታል። «ነቸር» አምላክ ነው፤ ሰነቸር «አምላካዊ የሚያደርግ» ማለት ነው ተብሎ ይፈታል። ይህን የማነሳው ዕቃ እንዴት ሩቅ እንደሚሄድ ለማሳየት ነው። የመጨረሻው ጥያቄሽ ይኸው ነውና፦ ተማማሩ ወይ?

ዕቃ ሄዷል። ራምሴስ ዳግማዊ በ1213 ከክርስቶስ ልደት በፊት ሲሞት፣ ያደረቁት ሰዎች አፍንጫው ውስጥ ቁንዶ በርበሬ ጨምረውበታል። ቁንዶ በርበሬ ደግሞ የደቡብ ሕንድ ልጅ ነው። ግን ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው የደረሰው። ከቁንዶ በርበሬው ጋር ሐሳብ መጣ የሚል ምልክት የለም። ከዚያም በፊት የፈርዖኖቹ አማቶች የነበሩት፣ በሰሜን ሶርያ በኩል ያለው የሚታኒ መንግሥት ነገሥታት በአንድ ውል ላይ ሚትራን፣ ቫሩናን፣ ኢንድራንና ናሳትያን ለምስክርነት ጠርተዋል፤ አራቱም የሪግ ቬዳ አማልክት ናቸው። ወሬው ግብፅ ደጃፍ ደርሶ ነበር ማለት ነው። የሚታኒው ንጉሥ ቱሽራታ ግን ለአማቹ ለአመንሆቴፕ ሦስተኛ የአምላክ ምስል ሲልክ፣ የላከው የነነዌዋን አምላክ ሻውሽካን ነው እንጂ ኢንድራን አይደለም። ኡፓኒሻዶቹ ደግሞ ያኔ ገና አልተጻፉም።

የሕንድ ሰው በአካል ግብፅ ገብቶ የራሱን እምነት ይዞ ሲቆም የምናየው ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በሮማውያን ጊዜ ነው። በቀይ ባሕር ዳር ቤረኒኬ የምትባል ወደብ ነበረች። እዚያ የሳንስክሪት ጽሑፍ ተገኝቷል። በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከግብፃዊቷ አምላክ ከአይሲስ ቤተ መቅደስ ውስጥ የድንጋይ ሐውልት መገኘቱ ይፋ ሆነ። ሐውልቱ የቡድሃ ነው። በአይሲስ ግቢ የቆመው ሕንዳዊ መምህር አትማን የሚባል ዘላቂ ነገር ቢፈለግ አይገኝም ብሎ ያስተማረው ሰውዬ ነው። ይህችን ለወንድምሽ ንገሪው፤ ሌላ ሁለት ሳምንት ያጨቃጭቃችኋል።